ሁለት ድስት በአንድ ምድጃ

እስቲ ጠጋ በሉኝ፤ ጮክ ብዬ የማላወራው ነገር አለኝ። የዛሬ ዓመት ገደማ በዚህችው መጽሔት ላይ፣ ኦክላንድ ውስጥ ከሌክ ሜሪት ከፍ ብሎ ስላለ አንድ የስዋሂሊ ምግብ ቤት ጽፌላችሁ ነበር። «መንገደኛ ሆናችሁ ኦክላንድ ከገባችሁ፣ የሞምባሳን ሩዝ በኮኮናት ወተት ሳትቀምሱ እንዳትወጡ» ብያለሁ። አድራሻውን ሳይቀር አትሜዋለሁ። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ምግብ ቤት አልነበረም። የሰው ቤት ነው።

የላከኝ ተክለጻድቅ ነው፤ ከኦክላንድ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው። «ሦስተኛ ፎቅ ውጪ፤ ቅዳሜ በሩ ክፍት ነው፤ ሽታው ራሱ ይመራሻል» አለኝ። እውነትም በሩ ክፍት ነበር። ሰዎች ምንጣፍ ላይ ከበው ይበላሉ። እኔ ጥግ ላይ ያለውን ወንበር ሳብኩና «ሜኑ ካለ?» አልኩ። የሚበሉት ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። አንዲት ቀጭን ሴት ሙሉ ሳህን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። በላሁ። አስደገምኩ። ዓሣው ትንሽ ዘገየ ብዬም አስተያየት ሰጠሁ! ስወጣ ቲፕ ትቼ ወረድኩ። ባለቤትየው ገንዘቡን ይዞ በደረጃው ሲከተለኝ፣ «ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ናዖድ የሚባል ጨዋ ሰው ቲፕ እንኳ አይቀበልም» ብዬ ያንኑ ጻፍኩት።

መጽሔቷ ወጥታ ብዙም ሳይቆይ ደወለልኝ።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ መኖሪያ ቤታችን ነው፤ ሰው ሻንጣ እየጎተተ እየመጣ ነው። ምን ላድርግ?»

«ምግብ ቤት አይደለም በላቸዋ!»

«የመጣ እንግዳ እንዴት ይመለሳል? ባለቤቴ ሙኒራ እምቢ አለች። ይኸው ሌላ ሩዝ ጥዳለች።»

በዚህ ዓይነት ተጀመረ። ዛሬ ከኮንኮርድ ይመጣል፣ ከሬድውድ ሲቲ ይመጣል፣ ከአውሮፕላን ወርዶ ቀጥታ የሚመጣም አለ። ቅዳሜ የናዖድና የሙኒራ ሳሎን የመንገደኛ ነው።

ለዛሬ ያመጣሁላችሁ ግን ደብዳቤ ነው። ያቺ መጽሔት በሰው ሻንጣ ተጉዛ ናዝሬት ገባች፤ የናዖድ እናት እትዬ አይናዲስ እጅ ላይም ወደቀች። እሳቸውም ጻፉልኝ፤ እኔም መለስኩ። ሁሉም ደብዳቤ እዚህ የለም። አንዳንዱ ጠፍቷል፣ አንዳንዱን እሳቸው አስቀርተውታል። የቀረውን የማወጣው በፈቃዳቸው ነው።

ሳን ሆዜ፣ ጁላይ 12 ቀን 1997

ለተከበሩ እትዬ አይናዲስ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ቆሜ ነው ያነበብኩት። መልሱን በማዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ።

አዎ፣ እሱ ነው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል ያሉትም ልክ ነው፤ ዛሬም ይሸፍናል። አልከሳም። እንዲያውም ተክለጻድቅ የሚባል ጓደኛው «አንተ ሰውዬ፣ ቀበቶህ ያሳዝነኛል» ይለዋል። ሥራው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ በሽተኛ ከክፍል ክፍል ያመላልሳል። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ወደ ሐይቁ ያያል።

ምን እንደሚበላ ለጠየቁኝ፣ እዚህ ላይስ ዝም አልልም። ሩዙ በኮኮናት ወተት ይበስላል። ዓሣው ከተጠበሰ በኋላ ሁመር በሚሉት ኮምጣጣ ፍሬና በኮኮናት መረቅ ይለወሳል። ምባዚ የሚሉት አለ፤ አተር ቢጤ ነው፣ እንደ ወጥ ሆኖ ይቀርባል። ለቁርስ ማሃምሪ አለ፤ ሄል የገባበት፣ እንደ ቦምቦሊኖ ያበጠ፣ ሲገምጡት ግን ውስጡ አየር ብቻ። ናዖድ በስደት ሞምባሳ ሳለ የለመደው ምግብ ነው። በላይ በላዩ ሻይ ይጠጣበታል።

ያን የመጨረሻውን ጥያቄዎን ልመልስ ስል ወረቀቱ አለቀብኝ። ለዛሬ በዚሁ ይብቃኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ሀረገወይን

ናዝሬት፣ ነሐሴ 10 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሀረገወይን፣

ለጤናሽ እንደምነሽ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ዓሣውን አየሁት፣ ሩዙን አየሁት፣ ቦምቦሊኖው እንኳ ሸተተኝ። እጁን ግን አላየሁትም። ይሄን ሁሉ የሚሠራው የማን እጅ ነው?

ናዖድ ውሃ ሲጥድ ውሃው የሚያርርበት ልጅ ነው፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ስደት ያስተምራል ትይኝ ይሆናል። የሄል ልክ ግን ወንድ ልጅ ብቻውን አይማርም።

ወረቀት አለቀብኝ ያልሽው፣ ጀርባው ባዶ ነው ልጄ። ገልብጬ አይቼዋለሁ።

እሱንም በስልክ ብጠይቀው «እማዬ፣ መስመሩ ይቆራረጣል» ይለኛል። ስለ ዝናቡ ሳወራ አይቆራረጥም፤ ስለ ጎረቤት ሳወራ አይቆራረጥም። ይህችን ስጠይቅ ብቻ ነው የሚቆራረጠው። ባለቤት ካለችው ስሟን ንገሪኝ። ልመርቃት ነው፤ ማንን ብዬ ልመርቅ?

እናትሽ፣
አይናዲስ

ሳን ሆዜ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 1997

ለተከበሩ እትዬ አይናዲስ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። ናዖድ በዕንቁጣጣሽ ዕለት ደውሎ ስለ ሙኒራ ሁሉን እንደነገረዎ አጫወተኝ። ከእኔ ሳይሆን ከራሱ መስማትዎ ደስ ብሎኛል። የወረቀቱን ነገር ይቅር ይበሉኝ፤ ምስጢሩ የእኔ አልነበረም።

ለምን ደበቀኝ ላሉት፣ እኔም ጠይቄዋለሁ። «እናቴን አታውቂያትም። ሥጋ ስትገዛ የአራጁን የክርስትና ስም ጠይቃ ነው» አለኝ። እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ ግን አልሳቀም።

ሙኒራን እንዴት እንዳገኛት ደግሞ ላጫውትዎ። በአሮጌው የሞምባሳ ከተማ እናቷ በረንዳ ላይ ምግብ ይሸጡ ነበር። ከባቡር የወረደ መንገደኛ፣ መርከበኛው፣ ስደተኛው ሳይቀር አግዳሚው ላይ ተደርድሮ ይበላል። ናዖድ አንድ ቀን ወባ ጥሎት እዚያው አግዳሚ ላይ ተኛ። ሙኒራ አጥሚት እያጠጣች አስታመመችው። «ሲሻለው ሂድ አልኩት፤ አልሄደም» ትላለች እሷ። «መቼ አልሽኝ?» ይላል እሱ። ይህን ክርክር ሁልጊዜ ይከራከራሉ።

አማርኛ ትሰማለች፤ ትመልሳለችም። እኔን ስታይ «ሀረግ፣ ሜኑ ላምጣልሽ?» እያለች ትቀልድብኛለች። ልጅ እንደሚጠብቁ ነግሮዎታል፤ መጋቢት ውስጥ ነው፤ ለዚያ እንዲመጡለት ይፈልጋል።

በዚያ ቤት የማን እርድ እንደሚበላ ለጠየቁኝ፣ አላውቅም። ልጠይቃቸው አልደፈርኩም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ። ባለፈው ቅዳሜ ሳህን ስናጥብ ሙኒራ ድንገት፣

«እናቱ ከመጡ ከእጄ ይበላሉ?» አለችኝ።

«ለምን አይበሉም!»

«እንዲህ ቶሎ አትመልሺ። ቶሎ የመለስሽው ስላላሰብሽበት ነው።»

ከዚያ ወዲህ እያሰብኩበት ነው። መልሱ እርስዎ ዘንድ ነው።

አክባሪዎ፣
ሀረገወይን

ናዝሬት፣ ኅዳር 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀረገወይን፣

ነገ ጾም ይገባል። ሳይገባ የሆዴን ልጻፍልሽ ብዬ ነው። መቆየቴን አትቀየሚኝ፤ እየጀመርኩ እቀደው ነበር።

ተቆጥተው ነው ወይ ላልሽኝ፣ ቁጣስ ቢሆን በቀለለኝ። ነፊሳ የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ እስላም ናት፤ አጥራችን አንድ ነው። አራስ ሆኜ ያረሰችኝ እሷ ናት። ባሏ የሞተ ጊዜ አብሬያት መሬት የተኛሁት እኔ ነኝ። ልጄን ስድር ለነሱ በግ ለብቻ ሰጥተን፣ በራሳቸው እጅ አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው፣ በራሳቸው ዳስ በሉ። የሷ ልጅ ሲያገባ ለኛም እንዲሁ። ማንም በዚህ አይቀየምም። ባይደረግ ነው ቅያሜው።

ነፊሳ ግን ሲመሽ ቤቷ ትገባለች። ምራት ወዴት ትገባለች? ቤቷ እዚያው ነው። ሳህኗን ዘርግታልኝ እኔ እጄን ብሰበስብ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። እምነቴን ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የት ልጥላት? የሰው ቤት ገብቶ ሳይበሉ መውጣት ስድብ ነው። እንዲህ ከምሰድባት ባልመጣ ይሻለኛል። አልመጣም።

ለናዖድ አልነገርኩትም፤ ቪዛው ገና ነው እያልኩት ነው። አንቺም እንዳትነግሪው። መጽሔትሽ ላይም እንዳታወጪው፣ አደራ።

እናትሽ፣
አይናዲስ

ሳን ሆዜ፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 1998

ለተከበሩ እትዬ አይናዲስ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ። አደራዎን ጠብቄአለሁ፤ አልነገርኳቸውም። ናዖድ ዛሬም «የእማዬ ቪዛ እንዴት እንዲህ ይቆያል?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔም ዛሬም ወደ መስኮቱ እያየሁ ስለ ሐይቁ አወራለሁ።

መንገደኞቹ ምን እንደሚቀርብላቸው ጠይቀውኝ ነበር። ዛሬ የምጽፍልዎ ስለዚያው ነው።

እዚህ ረመዳን ገብቷል። ሙኒራ እርጉዝ ስለሆነች አትጾምም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሊያፈጥር የሚመጣው መንገደኛ ግን በዝቷል። ባለፈው ቅዳሜ ተክለጻድቅ አንድ የሞምባሳ ሰው ከኤርፖርት አንስቶ አመጣ። ሰውዬው ሳህኑን አገላብጦ አየና በገዛ ቋንቋቸው አንድ ነገር አላት፤ ቋንቋውን የሚያውቁት ሁሉ በሳቅ ፈነዱ።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ሁሉም እንደ እናቴ ቤት ነው፤ ፍየሏ ግን የት ገባች? አለ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ፍየል እዚህ ቤት ደጅ ላይ ነው የምትቀረው አልኩት።»

ማንኪያዬ አየር ላይ ቀረ። እትዬ፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ እዚያ ቤት ስበላ፣ ስለ ቅርንፉዱ ስጽፍ፣ ስለ ሄሉ ስጽፍ፣ አንዲት ቁራጭ ሥጋ ቀርቦልኝ እንደማያውቅ ያየሁት ገና ያን ጊዜ ነው። ስለ ምግብ እጽፋለሁ ደግሞ እላለሁ!

ሰው ሲወጣ ኩሽና ተከትያት ገባሁ።

«እንደተጋባን ሰሞን የእናቴን ፒላው፣ ያን የቅመም ሩዝ፣ በፍየል ሠራሁለት» አለችኝ። «በላ። ግን እንደ መድኃኒት ዋጠው፤ ለእኔ ብሎ። ሳህኑን አነሳሁ። ከዚያ ወዲህ የእኔም እርድ የሱም እርድ እዚህ አልገባም። እሱማ ለራስሽ አምጪ ይለኛል፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። እናቱ አንድ ቀን ሲመጡ የትኛውንም ድስት ሲከፍቱ እንዳይሰጉ ብዬ ነው።»

ናዖድ ከሳሎን «ሐኪሙ ያለሽን ንገሪያት!» ብሎ ጮኸ።

«አንተ አርፈህ ምንጣፉን ጥረግ!»

ሐኪሟ ደምሽ አንሷል፣ ሥጋ ብዪ፣ ጉበት ብዪ ብሏታል። «እኔ ጋ ሳን ሆዜ የሙስሊም ሥጋ ቤት አለ፤ እኔ ላምጣልሽ» ብላት ራሷን ነቀነቀች። «እናቱ ይምጡና ይዩት። ከዚያ በኋላ» አለችኝ።

የማውቀውን እያወቅሁ ምን ልበላት? ድስቱን አጠብኩ። ይህን የጻፍኩት ልመክርዎ አይደለም። ብቻዬን መሸከሙ ስለከበደኝ ነው።

አክባሪዎ፣
ሀረገወይን

ናዝሬት፣ ጥር 24 ቀን 1990 ዓ.ም.

ሀረጌ፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እሞላዋለሁ።

ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ዕለት ሄደሽ ሥጋ ግዢላት። ከራሷ ሰው ሥጋ ቤት፣ እርዱ የሷ የሆነውን። ጉበትም ጨምሪበት። በድስቷ ትሥራ፣ ትብላ። እርጉዝ ሴት ለእኔ ብላ ትጾማለች? አምላኳ እንኳ ያላላትን? እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እጄን ስለመሰብሰብ ስጨነቅ፣ እሷ እዚያ ደሟ እያነሰ ድስቷን ሰብስባልኛለች። ደብዳቤሽን ሳነብ አፈርኩ። የእናት ማፈር ደግሞ ከባድ ነው፤ የሚያባብለው የለም።

ለነፊሳ ነገርኳት። አጥሩ ላይ ተደግፋ እስክጨርስ ሰማችኝና «አይናዲስ፣ እኛ ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ኖርን? ድስትሽን ይዘሽ ሂጂ እንጂ!» አለችኝ። ወይ ጉድ! ይሄን እንዴት አጣሁት? እኛ ሁለት ዳስ ጣልን እንጂ ሁለት ሰርግ አልደገስንም። ባሕር ሲሻገሩ ሌላ ወግ ያለ መስሎኝ ነው። ለሷ የሷ ድስት፣ ለእኔ የእኔ። ብረት ድስቴን አሳጥቤ አስቀምጫለሁ።

የደበቅኩሽም አለ። ቪዛው ከጥቅምት ጀምሮ ሳጥኔ ውስጥ ነው። ናዖድ ቲኬት ይቁረጥልኝ፤ የምመጣው በሑዳዴ ነው። አስቤበት ነው። በጾም ሥጋ ይቅረብልዎ የለ፣ አልበላም የለ፣ መገፋፋት የለ። ያን አተር ከሷ ድስት እበላለሁ፤ አተር እርድ የለውም። እስከ ፋሲካ እንለማመዳለን። ለአራሷ ቅቤ አንጥሬአለሁ፤ ቅቤም እርድ የለውም።

ዓሣውን ግን በጾም አልነካም። እናንተ እዚያ ትበላላችሁ አሉ። እሱን ስመጣ እንነጋገርበታለን።

እናትሽ፣
አይናዲስ

ኦክላንድ፣ መጋቢት 22 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለሀረጌ፣

ስልክ ደውሉልኝ ትያለሽ። ስደውል የሚያነሳው የራስሽ ድምፅ ነው፤ ግን አይሰማኝም። እንደምነሽ ስለው «መልእክትዎን ይተዉ» ይለኛል። አጠገቤ ሆነሽም መጻፉ ይሻለኛል።

ጥያቄሽን ልመልስ። አዎ፣ በላሁ። የገባሁ ዕለት። ሙኒራ ሳህኑን ይዛ ቆመች። አታስቀምጠው፣ አትመልሰው። ሆዷ ገፍቷል፣ እግሯ አብጧል፣ ቆማለች። ያ ናዖድ ግድግዳውን ያያል። «ልጄ፣ የመንገድ እጅ ነው፤ አንቺ አጉርሺኝ» አልኳት። ሩዙን ከአተሩ አድርጋ አጎረሰችኝ። ጉርሻ ነው ያልኩሽ? ዳቦ ነው! ጉንጬ ሞልቶ መናገር አቃተኝ። እሷ ዝም ስል የጠላሁት መሰላት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ደስ ብሎኛል ልበላት፣ በምን አፌ? ጣቴን አውጥቼ «ሁለተኛ» ብዬ አሳየኋት። ያን ጊዜ ናዖድ ከግድግዳው ተመለሰ።

ጣዕሙን ጠይቀሽኛል። ኮኮናቱ ትንሽ ይጣፍጣል፤ ለአተር አይሆንም ብዬ ነበር፤ ይሆናል። አሁን የማን ድስት የት እንደሚጣድ ተነጋግረናል፤ የእኔ ከመስኮቱ በኩል፣ የሷ ከበሩ በኩል። ጉበቷን ትበላለች፤ ፊቷ ወዝ አውጥቷል። ቅዳሜ እኔም ሽሮ እጥዳለሁ። ያ ተክለጻድቅ የሚያመጣቸው መንገደኞች የስዋሂሊ ምግብ ብለው መጥተው ሽሮ በልተው ይሄዳሉ። «እማማ፣ ገበያውን አበላሹት እኮ!» ይለኛል፤ ራሱ ግን ሁለቴ ነው የሚያስጨምረው። ይሄን በመጽሔትሽ አርሚው።

ሕፃኗ ደህና ናት። ጣቶቿ የአባቷ ናቸው፤ ልቅሶዋ ግን የሞምባሳ ነው፣ እንደዚያ የሚጮህ በእኛ ዘር የለም። ስለ ሃይማኖቷ የጠየቅሽኝን አልመልስልሽም። እሱ የአባትና የእናቷ ነው። እኔን የጠሩኝ ለማቀፍ ነው፤ እያቀፍኩ ነው።

ለፋሲካ ተክለጻድቅ ዶሮዋን በእኛ ወግ ሊያርድልኝ ቃል ገብቷል። ዶሮ ወጡ በእኔ ድስት። ሙኒራም የእናቷን ፒላው በፍየል ትሠራለች፤ በሷ ድስት። እኔ ከሷ ፍየል አልበላም፣ እሷም ከእኔ ዶሮ፤ ይሄን ተነጋግረን ተሳስቀናል። ናዖድ ከሁለቱም እበላለሁ ይላል፤ እናየዋለን። አንቺ ደግሞ አሜሪካ ለምደሽ የማትበይው የለም። ነይ። ግን ከየትኛው ትጀምሪያለሽ? ሁለታችንም ቆመን እጅሽን እናያለን።

ደብዳቤዎቹን አውጪያቸው፤ ፈቅጃለሁ። ፊደሌን ብቻ አቃኚልኝ።

እናትሽ፣
አይናዲስ

ይኸው እንግዲህ። ፊደላቸው መቃናት የሚያስፈልገው ሆኖ አላገኘሁትም። እናንተ መንገደኞች፣ ከሌክ ሜሪት በላይ ቅዳሜ ዛሬም ሩዙ አለ፣ ዓሣው አለ፣ ምባዚው አለ፤ ሽሮም አለ። ብቻ ደውላችሁ ውጡ፤ ሕፃን ተኝታ ይሆናል።

እኔን የያዘኝ ሌላ ጭንቀት ነው። ከዶሮው ብጀምር ሙኒራ «ገባኝ» ትለኛለች፤ ከፒላው ብጀምር እትዬ አይናዲስ ምንም አይሉኝም፣ እሱ ይብሳል። ተክለጻድቅን ምክር ብጠይቀው «እኔ ታክሲው ውስጥ እጠብቅሻለሁ» ብሎኛል። የፋሲካ ዕለት ሳህኔን ይዤ በሁለቱ ድስቶች መካከል እቆማለሁ። እጄ መጀመሪያ ወዴት እንደሄደ፣ ማን እንደሳቀ፣ ማን እንዳኮረፈኝ፣ ናዖድም ያን ፍየል እንዴት እንደዋጠው፣ አንዱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።